ከአየር ውሃ ስለ ቀዱት ፕሮፌሰር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ ጡረተኛ አባል ያደረጉት ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ዓመቱን በሰላም አስፈጽሞ ለዚህ ጉባኤ ያደረሰን አምላክ ይመስገን። በዓመቱ ውስጥ ለተለዩን አባሎቻችንም ነፍስ ይማር እንላለን።

ጸሐፊያችን ለጉባኤው የሚያስተምር ነገር ተናገሩ ብሎ ባዘዘን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ስለ ጡረታ ደንብ ወይም ስለ መዝገብ አያያዝ እንደምንናገር ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ዕድሜውን በመዝገብ ቤት የፈጀ ጸሐፊ ሌላ ምን ያውቃል? እኛ ግን ስለ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ለመናገር መርጠናል። ምክንያቱ በዛሬው አጀንዳ በተራ ቁጥር 5 ከተያዘው ጉዳይ ጋር ይገናኛል፤ ሲደርስ እናነሣዋለን።

ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለቀ ሰው ስለ ኬሚስትሪ ምን አገባው የሚል ካለ መልስ አለን። የኚህ ፕሮፌሰር አባትም የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነበር። እናታቸው ደግሞ ማንበብም መጻፍም አያውቁም ነበር። እንግዲህ ነገሩ ከኛ ቤት ሩቅ አይደለም። የምንናገረውን ያገኘነው የልጅ ልጃችን ከእንግሊዝኛው እያነበበች ስትተረጉምልን በደብተር እየያዝን ነው። ያልገባንን ሦስት አራት ጊዜ አስደግመናታል፤ ልጅቱ ታግሣናለች። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው፤ በእኛ አቆጣጠር ስንጠራ እንናገራለን።

ሰውየው ፕሮፌሰር ዑመር ያጊ ይባላሉ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የስዊድን የሣይንስ አካዳሚ የዓመቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች መስጠቱን አስታወቀ። አንደኛው የጃፓኑ ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሁለተኛው እንግሊዝ አገር ተወልደው በአውስትራሊያ ሲያስተምሩ የኖሩት ሪቻርድ ሮብሰን፣ ሦስተኛው እሳቸው ናቸው። ወሬው የደረሳቸው ፍራንክፈርት አውሮፕላን ጣቢያ አውሮፕላን ሲለውጡ ነው ይባላል። ለሦስቱ የተሰጠው ገንዘብ 11 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ነው። ብሩን ለመተመን ለጊዜው እንተወው።

ያጊ የተወለዱት በ1965 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ነው። ወላጆቻቸው ከፍልስጤም የተሰደዱ ናቸው። ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ደርዘን የሚሆኑ ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ያቺኑ ክፍል ደግሞ ከሚያረቧቸው ከብቶች ጋር ነበር የሚጋሩት። መብራት የለም፤ የቧንቧ ውሃም እንደልብ አይገኝም። የከተማው ውሃ በሳምንት፣ አንዳንዴም በሁለት ሳምንት አንዴ ለጥቂት ሰዓት ይለቀቃል። ታዲያ ውሃ መጣ የተባለ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይነቃል፤ ልጁም ዕቃ እየያዘ ይሮጣል፤ ቧንቧው ሳይዘጋ ያለው ዕቃ ሁሉ መሞላት አለበት። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። የውሃ ፈረቃ ምን እንደሆነ፣ ሌሊት በስምንት ሰዓት ቧንቧው ሲያፏጭ ከእንቅልፍ ተነሥቶ ጀሪካን መደርደር ምን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ልጁ አሥር ዓመት ሲሆነው አንድ ነገር ገጠመው። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ነበር የሚውለው። አንድ ቀን ግን በምሳ ሰዓት ተከፍቶ አገኘውና ሹልክ ብሎ ገባ። ከመደርደሪያው ላይ እጁ የደረሰበትን አንድ መጽሐፍ አነሣና ገለጠው። በውስጡ ትናንሽ ኳሶች በእንጨት የተያያዙ የሚመስሉ ሥዕሎች አገኘ። ምን እንደሆኑ አላወቀም፤ ግን ዓይኑን ከነሱ ላይ መንቀል አልቻለም። በኋላ ሞለኪውሎች መሆናቸውን ተረዳ። ሞለኪውል ማለት የማንኛውም ነገር ቅንጣት ነው፤ ውሃም አየርም ስኳርም ከሱ የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ የሰውየው የዕድሜ ልክ ሥራ የተጀመረው በዚያ የምሳ ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ያቺ በር እንደ ልማዷ ተቆልፋ ቢሆን ኖሮስ? ይህን ጥያቄ ያዙልን።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው አባቱ ወደ አሜሪካ ሄደህ ተማር አሉት። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ አባት ነው ይህን ያለው! ልጁ እንግሊዝኛውን እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር። ኒውዮርክ በሚባለው ክፍለ ሀገር ትሮይ በምትባል ከተማ ሃድሰን ቫሊ በሚባል አነስተኛ ኮሌጅ ገባ። ለመኖሪያው የሚሆን ገንዘብ ያገኝ የነበረው በገበያ አዳራሽ የሰው ዕቃ በከረጢት እየከተተና ወለል እየወለወለ ነው። ከዚያ ወደ ኦልባኒ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረና በ1985 የመጀመሪያ ዲግሪውን ያዘ። በ1990 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ተባሉ። (ከዚህ በኋላ አንቱ እንበላቸው።) ጥቂት ጊዜ በሃርቫርድ ከቆዩ በኋላ በ1992 አሪዞና ውስጥ አስተማሪ ሆኑ። ቀጥሎ ሚሺጋን፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በርክሌይ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሹመቱንና ዝውውሩን በዚህ እንለፈው፤ የሰው የግል ማኅደር ስናገላብጥ ስለኖርን ከማኅደር ሰው እንደማይታወቅ እናውቃለን።

አሁን ወደ ሥራቸው እንግባ። ሥራቸው ቀዳዳ መሥራት ነው። አትሳቁ።

እናቶቻችን ያውቁታል፤ ዓይኑ ያልወጣ እንጀራ ወጥ አይዝም። እንጀራ ወጡን የሚይዘው በዓይኑ ነው። የማር እንጀራም ማሩን የሚይዘው ባዶ ጉድጓድ ስላለው ነው። ኬሚስቶችም እንዲሁ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠጣር ነገር ይፈልጋሉ፤ ቀዳዳው ግን አንድ ሞለኪውል ወይም ጥቂት ሞለኪውል ብቻ የሚገባበት መሆን አለበት። መለኪያው ናኖሜትር ይባላል፤ አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ተከፍሎ የሚደርሰው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ስንጽፍ ዜሮዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጥረናቸዋል።

እንዲህ ያለ ድንጋይ በተፈጥሮም አለ፤ ዚዮላይት ይሉታል። በ1756 ክሮንስቴት የሚባል ስዊድናዊ ድንጋዩን ሲያሞቀው በውስጡ የነበረው ውሃ እየተንፈቀፈቀ ስለ ወጣ በግሪክኛ የሚፈላ ድንጋይ አለው። ዛሬ በፋብሪካ የተሠራው ዚዮላይት በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ውስጥ ይገባል። ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ ድፍድፍ ነዳጅ ተሰባብሮ ቤንዚን የሚሆነው በሱ አማካይነት ነው። በዚህ ጊዜ ካታሊስት ይባላል። ካታሊስት ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ የልጅ ልጃችን ያስረዳችን ጥሩ አድርጋ ነው፤ ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ ማለት ነው አለችን። ሽማግሌው ሁለቱን ወገን ያገናኛል፣ ነገሩን ያፋጥናል፤ ሠርጉ ሲያልቅ ግን እሱ ሳይጋባ እንደመጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ነገም ለሌላ ጋብቻ ይላካል። በዚዮላይት ቀዳዳ ውስጥ የገቡት ሞለኪውሎች እንዲህ ይገናኛሉ፤ ይለወጣሉ፤ ይወጣሉ። ለቀዳዳው የማይመጥን ሞለኪውል ግን በሩ ላይ ይመለሳል።

በአገራችንም ዚዮላይት አለ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዚያ አገር ሰው ጥርስ የሚበልዘው፣ ሲብስም አጥንቱ የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከስፔን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከአገራችን ዚዮላይት ፍሎራይድን የሚያስቀር ማጣሪያ ለማውጣት ሠርተዋል። ይህን በመሃል ያስገባነው ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው።

ዚዮላይት ግን እንደተፈጠረ ነው፤ ቀዳዳውን እንደ ልብ ማስፋትና መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ቀዳዳውን ራሳችን ነድፈን በፈለግነው ልክ ብንሠራውስ የሚለው ሐሳብ ነው ሦስቱን ሰዎች ለኖቤል ያበቃቸው።

የመጀመሪያው ሮብሰን ናቸው። በ1974 በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆኑ የእንጨት ኳሶች ይዘጋጁ ነበር፤ ኳሱ አቶም ነው፣ በኳሱ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ እንጨቱ የሚሰካበት ነው። ቀዳዳዎቹ የት የት እንደሚበሱ ለእንጨት ሠራተኞቹ ምልክት ሲያደርጉ አንድ ነገር ታያቸው። ቀዳዳው በትክክለኛው ቦታ ከተበሳ ኳሶቹ ራሳቸው ትክክለኛውን ቅርጽ ይይዛሉ። በእውነተኛው አቶምም እንዲህ ቢደረግስ አሉ። ያንን ሐሳብ ከአሥር ዓመት በላይ ይዘውት ቆዩ። በ1989 ከመዳብና አራት ክንድ ካለው ሞለኪውል የተሠራ፣ ውስጡ ሰፋፊ ባዶ ቦታ ያለው ክሪስታል አሳተሙ። ሥራው ግን በቀላሉ የሚፈርስ ስለነበረ ብዙ ሰው ለምን ይጠቅማል አለ። ለማስተማሪያ ከታዘዘ የእንጨት ኳስ ይህ ሁሉ መውጣቱ ይገርማል፤ አናጢዎቹም ድርሻ አላቸው ባይ ነን።

ኪታጋዋም ለምን ይጠቅማል መባል ደርሶባቸዋል። በ1992 የሠሩት የመጀመሪያ ሥራ ብዙም ጥቅም አልታየበትም፤ ለምርምር ገንዘብ ሲጠይቁም ተከልክለዋል። ሆኖም አልተውትም። በ1997 ጋዝ እየገባ እየወጣ ቅርጹን የማይለቅ ነገር ለመሥራት በቁ።

ያጊ በአሪዞና ሥራ ሲጀምሩ ምኞታቸው አንድ መቶ ጊዜ በሌሎች የሚጠቀስ አንድ ጽሑፍ ማሳተም ብቻ እንደነበር ተናግረዋል። ዛሬ ከሳቸውና ከተማሪዎቻቸው የወጣው ጽሑፍ የተጠቀሰበት ጊዜ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ነው። በ1995 ለነገሩ ስም አወጡለት፤ ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ አሉት፣ ባጭሩ ሞፍ ነው። በ1999 ደግሞ ሞፍ 5 የተባለውን አወጡ።

ሞፍ 5ን ለመረዳት የእድራችንን ድንኳን ማሰብ ይበቃል። ድንኳን የሚተክሉ ወንድሞቻችን እንደሚያውቁት፣ የብረት ቱቦዎቹ በየማዕዘኑ በማገጣጠሚያ ይያያዛሉ፤ ማገጣጠሚያው ቱቦዎቹ ወዴት እንደሚዘረጉ ይወስናል። በሞፍ 5 ማገጣጠሚያው አራት የዚንክ አቶሞች በአንድ ኦክስጂን ዙሪያ ተሰባስበው የሚሠሩት ነው። ዚንክ ማለት ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጥበት ነው። ቱቦው ደግሞ ቴሬፍታሊክ ከሚባል አሲድ የሚገኝ ሞለኪውል ነው፤ ይኸው አሲድ የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ነው። ጉድ አይደለም? የቆርቆሮና የሃይላንድ ዘመድ የሆኑ ነገሮች በሥርዓት ሲገጣጠሙ፣ ከፊት ከኋላ፣ ከላይ ከታች ማለቂያ የሌለው የድንኳን ሰፈር ይሆናሉ። የድንኳን ጥቅሙ ደግሞ ባዶነቱ ነው። ለቅሶ የሚደርስ ሰው የሚቀመጠው በቱቦው ላይ ሳይሆን በባዶው ቦታ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበሩ ብዙ አዋቂዎች በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲወጣ ይፈርሳል ብለው ነበር። አልፈረሰም። ባዶውን እስከ 300 ዲግሪ ሙቀት ቢያሞቁትም ቆመ። ሁለት ሦስት ግራም በሚሆን በዚህ ዱቄት ውስጥ ያለው ግድግዳ ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ይህን ስንሰማ አላመንንም ነበር፤ ግን የልጅ ልጃችን አንድ ትልቅ ወረቀት ብዙ ጊዜ አጣጥፋ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከታ አሳየችን። በቀፎ ውስጥ ያለው ወረቀት ሲዘረጋ ጠረጴዛውን ሸፈነው። እንግዲህ ወረቀቱ እጅግ እጅግ ስስ ቢሆንስ ብሎ ማሰብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር እንደ ልብስ ስፌት ሆነ። ቱቦውን ሲያስረዝሙት ቀዳዳው ይሰፋል፤ ማገጣጠሚያውን ሲለውጡት ቅርጹ ይለወጣል። በዓለም ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ተሠርተዋል። አንዱ የፋብሪካ ጭስ ይይዛል፤ አንዱ ጋዝ ያከማቻል፤ አንዱ እንደ ዚዮላይቱ ካታሊስት ይሆናል። ያጊ በ2005 ያለ ብረት የሚገጣጠም ሌላ ዘር ጨመሩበት። በ2015 ደግሞ ከበርክሌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ዘር ላይ ኮባልት አስገብተው፣ በውሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል የተቃጠለውን አየር ወደ ሌላ ጠቃሚ ጋዝ የሚለውጥ ካታሊስት ሠርተዋል። የካታሊስቱ ነገር ሰፊ ነው፤ እኛ ግን ወደ ውሃው እንቸኩላለን፤ ልባችን ያለው እዚያ ነው።

አየር ውስጥ ውሃ አለ። በበረሃ እንኳ አለ፤ ትንሽ ነው እንጂ አይጠፋም። ያጊና ተማሪዎቻቸው አንዳንዱ ሞፍ በደረቅ አየር ውስጥ ያለውን የውሃ ተን ለይቶ እንደሚጠጣ አገኙ። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትቀመጠዋ ትንሽ ከረጢትም እርጥበት ትጠጣለች። የሷ ችግር የጠጣችውን ለማስለቀቅ ብዙ ሙቀት መፈለጉ ነው። ሞፉ ግን ውሃውን ለስላሳ አድርጎ ነው የሚይዘው። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ዱቄቱ ይጠጣል፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው የጠጣውን ይለቃል፤ ተኑ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ በድስት ክዳን ላይ እንደምናየው ጠብ ጠብ ይላል። ነዳጅ የለም፣ ሞተር የለም።

በ2017 ከኤም.አይ.ቲ. መሐንዲሶች ጋር ሆነው መሣሪያውን አሳዩ፤ በ2018 በአሪዞና በረሃ ሞከሩት። ቀጥሎ ከአሉሚኒየም የሚሠራ ሞፍ 303 የሚባል ርካሽ ዓይነት አወጡ። በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ በሞሃቪ በረሃ፣ በኤሌክትሪክ በሚታገዝ መሣሪያ፣ ከአንድ ኪሎ ዱቄት በቀን 0.7 ሊትር አግኝተዋል። በ2023 ባሳተሙት ደግሞ የሞት ሸለቆ በሚባለው፣ በዓለም ላይ በሙቀቱ በሚታወቀው በረሃ፣ በፀሐይ ብቻ በሚሠራ መሣሪያ ከአንድ ኪሎ ዱቄት በቀን እስከ 285 ግራም ውሃ ተገኘ።

እዚህ ላይ የጸሐፊነት ልማዳችን አላስቻለንምና አባዝተን አካፍለን አየነው። አንድ የ20 ሊትር ጀሪካን በቀን ለመሙላት በሞሃቪው ልክ ወደ 29 ኪሎ ዱቄት፣ በሞት ሸለቆው ልክ 70 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ዱቄቱ አያልቅም፤ በማግስቱም ይሠራል፤ ቢሆንም ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ነገ ጠዋት በየቤታችን ከአየር ውሃ እንቀዳለን ብለን አንዋሻችሁም። በየመጽሔቱ የውሃ ችግር አከተመ እየተባለ ሲጻፍ አይተናል፤ ይህ ማጋነን ነው። ቦኖ ይተካል የሚል ሰው ቢመጣ ሒሳቡን ጠይቁት። ግን ደግሞ ሰው ባልኖረበት ደረቅ በረሃ ላይ ጠብታ ወጥቷል። ጠብታውን ያወጣው ደግሞ ውሃ መጣ ሲባል ዕቃ ይዞ ይሮጥ የነበረው ልጅ ነው። ይህን ስናስብ ዝም ብለን አናልፈውም።

በነገራችን ላይ የሳውዲ መንግሥት በ2021 ለኚህ ፕሮፌሰር ዜግነት ሰጥቷቸዋል። የሰፈራችን ልጆች ወደዚያው አገር እንዴት እንደሚሄዱና እንዴት እንደሚመለሱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዕውቀት የያዘውን ስደተኛ አገሩ ራሱ ይፈልገዋል፤ ባዶ እጁን የሄደው ግን በር ሲያንኳኳ ይኖራል። ከዚህ በላይ አንናገርም።

አሁን ወደ ተራ ቁጥር 5 መጥተናል። እንደምታውቁት ጉዳዩ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው፣ ድንኳኑና አግዳሚው የሚቀመጥበት ክፍል ምን ይሁን የሚለው ነው። ድንኳኑ ወደ አዲሱ መጋዘን ስለተዛወረ ክፍሉ ሊለቀቅ ነው። አንደኛው ሐሳብ ለሱቅ ይከራይ፣ ኪራዩ ለሐዘንተኛ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ይጨመር የሚል ነው። ሁለተኛው ለሰፈሩ ልጆች የንባብ ክፍል ይሁን የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ሐሳብ ያቀረቡት ወንድሞቻችን ስስታሞች አይደሉም። ባለፉት ዓመታት የአስከሬን ሣጥኑም፣ የንፍሮውም፣ የመኪናውም ዋጋ ንሮብናል። ለሐዘንተኛ የምንሰጠው ገንዘብ ቀብሩን እንኳ አይሸፍንም። እድር የተቋቋመው ለዚህ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት አይደለም ያሉት እናታችን ንግግራቸው እውነት አለው። በበኩላችን እንኳን ኪራይ ቢጨመር ደስ ይለናል፤ ዕድሜያችንም ወደዚያው ነው።

ሆኖም እንዲህ እንላለን። የሟቹን ቀብር ከፍለን ስንመለስ የሚቀሩት ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው፤ ቴሌቪዥኑ እዚያው፣ ምድጃው እዚያው፣ የታመመው ሰው እዚያው ነው። ደብተራቸውን አልጋ ላይ ዘርግተው ሲያጠኑ አይተናል። በአቅራቢያችን አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ መጽሐፍ ይጠፋል እየተባለ የሚቆለፍበት ቀን ይበዛል። የአማኑም እንዲሁ ነበር። ከሰፈራችን ኖቤል ይወጣል ብለን ቃል አንገባም፤ እንዲህ ያለ ቃል የሚገባ ሰው አትመኑ። ልጁ ያገኘው ግን አስተማሪ ወይም ሽልማት አልነበረም፤ በምሳ ሰዓት ያልተቆለፈ በርና ማንም የማይቀማው መጽሐፍ ነበር። ይህን ለመስጠት እድራችን አቅም አለው። ሮብሰንም ኪታጋዋም ለምን ይጠቅማል ሲባሉ መልስ በእጃቸው አልነበረም፤ የጠየቃቸውም ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። እኛም ዛሬ ተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ነን፤ የኪራዩ ልክ ይታወቃል፣ የንባብ ክፍሉ ግን ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም።

ወጪው ከባድ እንዳይሆን ያሰብነውን እናቅርብ። አግዳሚ አለን፤ ለለቅሶ የሚወጣው አግዳሚ በሌላው ቀን ለልጆቹ ይሁን። ቀብር በገጠመ ጊዜ ጡሩምባው ሲነፋ ልጆቹ አግዳሚውን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ንባቡም እስከ ሣልስት ይዘጋል፤ በዚህ አንደራደርም። አምፖል ሁለት ይበቃል። መጽሐፍ በየቤታችን አለ፤ ያደጉት ልጆቻችን የተማሩባቸው መጻሕፍት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ጠጥተው ተቀምጠዋል፤ እነሱን አምጡ። ኮሚቴው ገንዘብ ከፈቀደ መጀመሪያ የሣይንስ መጽሐፍ ሥዕል ያለው ይገዛ፤ ሥዕሉ ዋና ነው።

ጥበቃውን በተመለከተ እኛና ሌሎች ሁለት ጡረተኛ አባላት በፈረቃ ለመቀመጥ ተስማምተናል፤ ክፍያ አንጠይቅም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ በ9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን ይከፈታል። የወጣና የገባ መጽሐፍ በመዝገብ ይያዛል፤ መዝገቡን አስምረን ጨርሰናል። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በዘበኛው እጅ፣ አንዱ በተረኛው እጅ። የኪራዩን ሐሳብ የሚደግፉ አባላት ለአንድ ዓመት ብቻ ታገሡን፤ በመጪው ጉባኤ መዝገቡን ይዘን እንቀርባለን፤ ስንት ልጅ እንደገባ፣ ስንት መጽሐፍ እንደጠፋ በቁጥር እንነግራችኋለን። ክፍሉ ባዶውን ከዋለ ያን ጊዜ ይከራይ፤ ድምፃችንን አብረን እንሰጣለን።

 ስለ ፕሮፌሰሩ ጥያቄ ያላችሁ ለልጅ ልጃችን አቅርቡ፤ ከኋላ በስተግራ ተቀምጣለች። ስለ ክፍሉ ጥያቄ ያላችሁ ግን ዳኛው ተራ ይስጧችሁ።